እትዬ አስካለ ካልኩሌተር ውስጥ ምን ይሠራሉ?

ከቀራንዮ የወጣሁበት ማታ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ እየደበደበ ማን ምን እንደሚል እንኳ አያሰማም ነበር። እኔ ደግሞ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ካልሰማሁ የለሁም ማለት ነው። «ማልቀስ የሚባል ነገር የለም» ብዬ አስቀድሜ ሁሉንም አስጠንቅቄያለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ገና በር ላይ የጫማቸውን ጭቃ ሲያራግፉ ጀመሩት።

«ወይኔ ልጄን! በሰው አገር ማን መንገድ ያሻግራታል?»

«እትዬ አስካለ፣ የኮልፌን አስፋልትስ ማን አሻግሮኝ ያውቃል?» አልኳቸው።

«አፍሽ ያሻግርሻላ!» ብለው ሳቁና ለቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

እትዬ አስካለን የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። የማታውቋቸውም በየሰፈራችሁ እንደሳቸው ያለ ሰው አይጠፋም፤ ጠዋት አንዲት ወሬ ከሰሙ ማታ ሰፈሩን ሞልታ ታድራለች። መሄዴን መጀመሪያ የነገርኩት ለአባዬ ብቻ ነበር። እሳቸው በአጥር ሰምተው ኖሮ፣ በሳልስቱ የመድኃኔዓለም ደጅ የምትቀመጠው ነዳይ ሳትቀር «መቼ ነው በረራሽ?» አለችኝ።

ስሜ እታገኘሁ ነው፤ እታ ይሉኛል። ዓይኔን ኩፍኝ የወሰደው በሕፃንነቴ ስለሆነ ማየት ምን እንደነበረ አላስታውስም፤ አይናፍቀኝምም። አባዬ ኮልፌ ውስጥ የበርና የመስኮት በያጅ ነው። ብረት ሲቆርጥ ሰፈሩን ያደነቁረዋል፤ ከራሱ አፍ ግን ቃል የሚወጣው በግድ ነው። ያን ማታ ሻንጣዬን መኪናው ላይ ከጫነ በኋላ «እንግዲህ... ካስቸገረሽ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ምን ሊል እንደነበረ ገብቶኛል። ካስቸገረሽ ተመለሽ ሊል ነው። እኔን ያስፈራኝም እሱው ነበር።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። የምሄደው ኖርዌይ፣ በርገን የምትባል ከተማ፣ የአንድ ዓመት የመሰናዶ ትምህርት አግኝቼ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ፈተና አለ። ካለፍኩ ኮምፒውተር እማራለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴም ይታደሳል። ከወደቅኩ ፈቃዱ እዚያው ላይ ያበቃል፣ ቀጥታ ወደ ቀራንዮ። ሒሳብ ደግሞ እኔ ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ተምሬ አላውቅም! ሰነፍ ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ መምህሩ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ሳይጀምር «ዓይነ ስውሮች፣ ውጡና ፀሐይ ሙቁ፤ ለእናንተ ሒሳብ ቀርቶላችኋል» አለን። በደግነት ነው ያለው፣ ክፋት አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳብ በመጣ ቁጥር እኔና ጓደኛዬ ሰብለ ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ ስንሞቅ አደግን። ሰብለም እንደኔው አታይም። አሁን ዓለም ባንክ አካባቢ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። ያን ማታ በዚያ ጭቃ ሁለት ታክሲ ይዛ መጥታ፣ እጄን ይዛ፣ ብዙም ሳትናገር አመሸች።

ስደት ሲባል ሁላችሁም በረሃና ጀልባ ነው የሚታያችሁ። እኔ የተሻገርኩት በአውሮፕላን ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን መሸጋገሪያው ኤርፖርት ላይ የገጠመኝን ስሙ። አንድ ሰውዬ መጥቶ «ተቀመጪ፣ ዊልቸር ነው» አለኝ በእንግሊዝኛ።

«እግሬ ደህና ነው፤ የማያየው ዓይኔ ነው።»

«አዎ። ስለዚህ ተቀመጪ።»

«እኔ እኮ በዓይኔ አይደለም የምራመደው!»

«ማዳም፣ ትኬትሽ ላይ እርዳታ ያስፈልጋታል ይላል። እርዳታ ማለት ዊልቸር ነው።»

ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ? እየገፋ ወሰደና አንድ ቦታ አቁሞኝ «መጣሁ» ብሎ ጠፋ። ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። በትሬን ወደፊት ብዘረጋ ግድግዳ! ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እንደ እቃ አስደግፎኝ ነው የሄደው። በድምፅ ማጉያው የበርገን ተሳፋሪዎች ሲጠሩ ሰማሁ። ተነሣሁ። ዊልቸሩን ባዶውን ከፊቴ እየገፋሁ፣ የሚጋጨው እሱ ይጋጭልኝ ብዬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እየጠየቅሁ በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። በሩ ላይ ያለችው ልጅ «ዊልቸሩ የማን ነው?» ስትለኝ «እርዳታ ነው» አልኳት።

በርገን ዝናብ ነው። ዝናብማ እኛም አገር አለ ትላላችሁ። የለም! የኛ ዝናብ ይመጣል፣ ይጮኻል፣ ያበላሻል፣ ይሄዳል። የእነሱ ዝናብ እንደ ሰዎቹ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳምንቱን ሙሉ አይለቅም። ኮልፌ ላይ ወያላው «አሥራ ስምንት! አሥራ ስምንት! የሞላ!» ሲል ፌርማታው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ በሥጋ ቤቱ ሙዚቃ ታጥፌ፣ በአባዬ የብረት መቁረጫ ጩኸት ቀጥ ብዬ ቤቴ እገባለሁ። እዚህ ግን መኪናው የኤሌክትሪክ ነው፤ ሰዉም የኤሌክትሪክ ነው መሰለኝ፣ ድምፅ የለውም። ፌርማታ ላይ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ጭጭ! በበትሬ እግራቸውን ስነካ ነው መኖራቸውን የማውቀው። ያኔም «ሶሪ» የሚሉት እነሱ ናቸው። ምግባቸውን አታንሱብኝ። ቺዝ ነው ብለው ያበሉኝ ቡናማ ነገር እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል፤ ሚጥሚጣዬን ነስንሼበት በላሁት።

አከራዬ ኢንግሪድ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው። ትልቅ ሴት በስሟ ብቻ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «እትዬ ኢንግሪድ» እላቸዋለሁ፤ የማዕረግ ስም መስሏቸው ደስ ይላቸዋል።

ትምህርቱ ተጀመረ። ጉድ ነው! ሒሳቡ ጣፈጠኝ። መምህሩ ክርና ሰም ሰጥቶኝ ቅርጾቹን በጣቴ እየዳሰስኩ ተማርኩ። ማባዛትና ማካፈሉን በቃሌ ከክፍሉ ቀድሜ እጨርሳለሁ። ግን ሳይን፣ ሎጋሪዝም የሚባሉት በቃል የሚወጡ አይደሉም፤ ካልኩሌተር ይፈልጋሉ። የሚያዩት ልጆች ያችን ትንሽ ማሽናቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። ለኔ ዲዳ ናት፤ አትናገርም። ወደ ፈተና ክፍሉ ኃላፊ ላኩኝ፤ ኦላቭ ይባላል፤ በኔ አጠራር ጋሽ ኦላቭ።

«ሁለት ምርጫ አለሽ» አለኝ። «ወይ ካልኩሌተሩን የምትጫንልሽ ረዳት እንመድብልሻለን፣ ወይ የሚናገር አፕ አግኝተሽ ታመጫለሽ። አፑ ግን በትምህርት ቤቱ መጽደቅ አለበት።»

ረዳት ሲል ደስ አለኝ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ዓይነ ስውር የሚፈተነው በአንባቢ ነው። አንባቢዋ ጥያቄውን ታነብልኛለች፣ መልሴን ታጠቁራለች። ስሳሳት ደግሞ አንጀቷ አይችልም፤ «እርግጠኛ ነሽ? ሐን ደግመሽ አታስቢውም?» ትለኛለች፤ ለነፍሷ ብላ። እኔ ሳይታወቀኝ ያንን ጠብቄ ገባሁ። የሙከራ ፈተና ላይ የተመደበችልኝ ረዳት ድምፅዋ ለስላሳ ነው። «ሳይን ሠላሳ» አልኳት፤ ተጫነች። «ነጌቲቭ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ስምንት ስምንት» አለችኝ። እሱን ይዤ የዛፍ ቁመት አሰላሁ። ዛፉ ወደ መሬት ውስጥ በቅሎ አረፈው! ወደቅሁ። ለካ ማሽኑ በዲግሪ ሳይሆን ራዲያን በሚባል ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነበር፤ ምልክቱ ማሽኑ ጥግ ላይ ተጽፏል፣ ልጅቷም አይታዋለች።

«አይተሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ ደሜ ፈልቷል።

«አልጠየቅሽኝም» አለች። «የማላውቀውን ነገር እንዴት ልጠይቅ?» አልኳት። ክፋት አይደለም፤ ደንባቸው ነው። እኔ ግን ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ በሰው ጣት አላልፍም። የራሴ ካልኩሌተር ያስፈልገኛል። ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

ፍለጋው ተጀመረ። ለማታውቁት፣ ስክሪን ሪደር የሚባለው ስልኬ ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ የሚያነብልኝ ነገር ነው፤ ጣቴ የነካውን ይጠራል። ታዲያ አፑን የሠራው ሰው ለቁልፉ ስም ካልሰጠው ምን ብሎ ይጥራው? «አንሌብልድ በተን» ይላል፤ ስም የሌለው ቁልፍ። አንዱን አፕ አወርዳለሁ፤ «አንሌብልድ በተን፣ አንሌብልድ በተን»። ሌላውን አወርዳለሁ፤ ቁልፎቹን አሳምሮ ያነብና መልሱ ጋ ሲደርስ ዝም! ሌላው ሁለት በራሱ ሦስት ጊዜ ይባዛ ስለው፣ ከላይ ያለችውን ሦስት ከጎኑ ቀጥሎ «ሃያ ሦስት» ብሎ ያነባል። ሌላው ስሌቱ መሐል «ቦርጭ አስቸግሮዎታል?» ብሎ ማስታወቂያ ያስገባል። ስልኬን አልጋው ላይ ወርውሬ «እናትህን!» ያልኩበት ቀን አለ፤ መድኃኔዓለም ይቅር ይበለኝ።

የባሰው ደግሞ እትዬ ኢንግሪድ በሬን አንኳኩ።

«እታገኘሁ፣ ቤቱን ያከራየሁሽ ለአንድ ሰው ነው።»

«አንድ ነኝ።»

«የወንድ ድምፅ ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ ያወራል። አንቺም ትቆጪዋለሽ።»

«ስልኬ ነው እትዬ ኢንግሪድ።»

«ስልክ ሰው ሲደውልበት ነው የሚያወራው» አሉኝ። አስገብቼ አሰማኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዳመጡና «ምስኪን፣ ምንም ስም የለውም እንዴ የሚነካው ሁሉ?» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ በጆሮ ማዳመጫ ሆነ።

ሲጨንቀኝ አዲስ አበባ ላሉት ዓይነ ስውራን ጓደኞቼ ግሩፕ ላይ በድምፅ መልእክት ጮኽኩ። ያኑ ምሽት ሰብለ መለሰችልኝ። «እታ፣ እኔ ጋ አንድ አለ። ልላክልሽ» ብላ ፋይሉን ወረወረችልኝ። እኛ እንደዚህ ነን አይደል? ኢንተርኔት ሲወደድብን፣ አንዱ አንዴ ያወረደውን አፕ ከስልክ ወደ ስልክ ስንቀባበል ነው የምንኖረው። ጫንኩት። «ሳይን» አለኝ። «ኮሳይን» አለኝ። «ዲግሪ» አለኝ! ካሬ ሥሩን፣ ቅንፉን፣ ሁሉን በስሙ ጠራልኝ፤ መልሱንም ቁጭ አደረገልኝ። እልል ብዬ አቀለጥኩት። እትዬ ኢንግሪድ ግድግዳውን ደበደቡ።

በማግስቱ ስልኬን ይዤ ወደ ጋሽ ኦላቭ በረርኩ።

«ጥሩ ነው» አለ ካዳመጠ በኋላ። «ከየት አወረድሽው?»

«ሰብለ ልካልኝ ነው።»

«ሰብለ የሚባለው ድርጅት የት አገር ነው?»

«ድርጅት አይደለችም፤ ዓለም ባንክ ናት።»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «የዓለም ባንክ ነው የላከልሽ?»

«አይደለም! ሰፈር ነው፣ የሰፈር ስም! እሷ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት፣ ጓደኛዬ።»

«እሷስ ከየት አገኘችው?»

«ከሆነ ልጅ።»

«ዴስቬራ» አለ። ዴስቬራ ማለት እንዳለመታደል ሆኖ ማለት ነው፤ እነሱ በር ሲዘጉ የሚሉት ነው። ምንጩ ያልታወቀ አፕ ፈተና ውስጥ አይገባም። «ግን ተመልከቺ፣ ይኸው አፕ በሕጋዊው መደብር አለ፤ አዲስና የተሻሻለ ነው» ብሎ በትምህርት ቤቱ ስልክ ላይ ጫነልኝ። ዳሰስኩት። ቁጥሮቹ ይናገራሉ። የቀሩት ግን... «አንሌብልድ በተን። አንሌብልድ በተን። አንሌብልድ በተን።» ሲያሻሽሉት ጽሑፉን አውጥተው በሥዕል ተክተውታል።

«ግን በጣም ቆንጆ ሆኗል» አለኝ ጋሽ ኦላቭ። አላየኸኝም እንዴ እንዳልለው አይቶኛል። ስልኩን ተቀብዬ ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ስክሪን ሪደሩ ስም ለሌለው ቁልፍ ባለቤቱ ስም እንዲያወጣለት ይፈቅዳል። ግን የትኛው የትኛው ነው? እትዬ ኢንግሪድን ለምኜ የትምህርት ቤቱን ስልክ አሳየኋቸው። «ይቺ ኮፍያ ያደረገች እባብ ትመስላለች። ይቺ ደግሞ ዱላ ሆና ከሥሯ ነጥብ አላት» አሉኝ። እሳቸው ያያሉ እንጂ ሒሳብ አያውቁም፤ እኔ ደግሞ ሒሳቡን ባውቅም ኮፍያ ያደረገ እባብ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ተያይዘን ሳቅን። ከዚያ ድንገት ብልጭ አለልኝ። ሰውን በድምፁ እንደምለየው ቁልፉንስ በመልሱ ብለየው?

ዘጠኝ አስገባሁና አንዱን ተጫንኩ። «ሦስት» አለኝ። ካሬ ሥር! ተገኘህ! መቶ አስገባሁና ሌላውን ስነካ «ሁለት» አለኝ፤ ሎጋሪዝም ነው። ሠላሳ ብዬ ዜሮ ነጥብ አምስት ከመጣ ሳይን፣ ስልሳ ብዬ ያው ከመጣ ኮሳይን። እንደኔ ያላችሁ ልጆች ይህን ያዙልኝ፤ አፑ ስም ባይኖረው መልስ አለው፤ የምታውቁትን ቁጥር ስጡትና ራሱ ማንነቱን ይናገራል። አንዱ ቁልፍ ግን ሲነካ ምንም አይልም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁሉ መልስ ይበላሻል። ያቺ ከዲግሪ ወደ ራዲያን የምትገለብጠው ናት፤ ጉድ የሠራችኝ!

ስም ማውጣቱ ላይ ነው ነገሬ የተበላሸው። እኛ ሰፈር ሰው በወጣለት ስም ብቻ መች ይጠራል? ነገረ ሥራው ታይቶ ቅጽል ይወጣለታል። እኔም እንደ አገሬ አደረግሁ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ስልኩ እንዲያነብልኝ። ያቺን ዝም ብላ የምታበላሸዋን «ደላላው» አልኳት። ሎጋሪዝምን «አባዬ» አልኩት፤ መቶ ሲሉት ሁለት ነው የሚመልሰው። ዱላና ነጥብ የተባለችው፣ አምስት ሲሰጧት ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ሁሉ አባዝታ መቶ ሃያ አድርጋ የምትመልሰውን ደግሞ ሌላ ምን ልበላት? «እትዬ አስካለ»! ሳምንቱን ሙሉ ከእነሱ ጋር ተለማመድኩ። እውነቴን ነው፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ሳምንት ሰው መሐል ያለሁ መስሎኝ አያውቅም።

የፈተናው ዋዜማ ጋሽ ኦላቭ ስልኩን ሊመረምር ጠራኝ።

«እትዬ አስካለ» ብሎ አነበበ፤ ቃሉን እየሰባበረ። «ይህ ፎርሙላ ነው?»

«አይደለም። ጎረቤታችን ናቸው።»

«ጎረቤታችሁ ካልኩሌተር ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ያበዛሉ።»

«ምን ያበዛሉ?»

«የሰጧቸውን። አምስት ስጣቸው፣ መቶ ሃያ አድርገው ነው የሚያወሩት።»

ሲጽፍ ይሰማኛል። «አባዬስ?»

«አባቴ ነው። መቶ ስትለው ሁለት ይመልሳል።»

«ይህማ ሎጋሪዝም ነው።»

«በያጅ ነው። ግን አዎ።»

«ደላላውስ ማነው?» አለ፤ ድምፁ ደክሟል።

«እሱን እንኳ ተወው፤ በእናንተ አገር የለም።»

ቀልዴ እዚያ ላይ አለቀ። እሱ የማያውቀው ጽሑፍ በፈተና መሣሪያ ላይ መኖሩ ማጭበርበር ተብሎ ሊያዝ እንደሚችል ነገረኝ። አሁኑኑ በእንግሊዝኛ ልቀይረው ብዬ ለመንኩት። ኃላፊዬን ልጠይቅ ብሎ ስልኩን ተቀብሎኝ ቀረ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ከአባዬ አፍ ያልወጣችው «ተመለሽ» ብቻ ጆሮዬ ላይ ታቃጭልብኛለች። እትዬ አስካለ በር ላይ ሆነው «አላልኳችሁም?» ሲሉ፣ ሰፈሩም አዝኖ ከንፈሩን ሲመጥልኝ ይሰማኛል። ቀራንዮን እወዳታለሁ። ከንፈር ተመጦልኝ መግባቱ ነው ያልቻልኩት።

ጠዋት ፈተናው ክፍል ጋሽ ኦላቭ ስልኩን እጄ ላይ አኖረልኝ። «ዴስቬራ፣ እታገኘሁ። ተማሪ የጻፈው ማንኛውም ጽሑፍ አይፈቀድም። አጽድተን እንደ አዲስ ጭነነዋል።»

ነካሁት። «አንሌብልድ በተን።»

ቦታቸውን ጣቴ ያውቀዋል ብዬ ነበር። እንደ አዲስ ሲጫን ግን ከዚያ ወዲህ ደግሞ የተሻሻለው ገብቶ ኖሮ፣ ቁልፎቹ ተራቸውን ቀይረው ጠበቁኝ። «ሰዓቱ ጀምሯል» አለች ፈታኟ። ክፍሉ ውስጥ የሰው ሁሉ ካልኩሌተር ጠቅ ጠቅ ይላል። አልቅሼ ልውጣ? ውጡና ፀሐይ ሙቁ እንዳለን መምህር በራሴ እግር ልውጣለት? እምቢ አለኝ ደሜ። ዘጠኝ አስገባሁ። «ነጌቲቭ ዘጠኝ»፤ አይደለህም። ቀጣዩ። «ሰማንያ አንድ»፤ አይደለህም። «ሦስት»፤ አንተ ነህ። መቶ አስገባሁ፤ አንዱ አጠፋው፣ አንዱ «ሁለት» ሲለኝ አባዬ በጎኔ የቆመ መሰለኝ። ሠላሳ ብዬ ነጌቲቭ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ስምንት ስምንት ሲለኝ፣ ደላላው ሥራውን ጨርሶ እንደጠበቀኝ አወቅሁ፤ ፈልጌ ገለበጥኩት። አምስት ብዬ መጨረሻዋን ስጫን «መቶ ሃያ» አለኝ።

«እትዬ አስካለ!» ብዬ ጮኽኩ።

«መነጋገር ክልክል ነው» አለች ፈታኟ።

ያ ሁሉ ጊዜ ከፈተናዬ ላይ ነው የተበላው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ የመጨረሻውን ጥያቄ ሳላነበው ቀረ። ውጤቱ እስኪመጣ እህል በአፌ አልዞረም። የመጣ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ስልኬ «አልፈሻል» ብሎ አነበበልኝ። መልሼ አስነበብኩት። ከዚያ በዚያ ጭጭ ባለ አውቶቡስ ውስጥ «እሰይ!» ብዬ ለቀቅሁት፤ ይሳቀቁ፣ የራሳቸው ጉዳይ።

መጀመሪያ አባዬ ጋ ደወልኩ። ከኋላው ብረት ይፋጫል።

«አልፌያለሁ አባዬ! እዚሁ መማሬ ነው!»

ማሽኑን አጠፋው። «ተመስገን። በርቺ» አለኝና አፍንጫውን ሳበ።

ቀጥዬ ሰብለ ጋ ደወልኩ። እልልታዋን አቀለጠችው። ያ የላከችው ፋይል እንዴት እንደተመለሰብኝ፣ ሰፈሯን ባንክ እንዳደረጉብኝ ነገርኳት፤ ሳቋ አላቆም አለ። ከዚያ እንዲያው ለወሬ ያህል ጠየቅኋት።

«ቆይ፣ አንቺ ግን ያን ካልኩሌተር ለምን ያዝሽው? ሥነ ዜጋ ሳይን የለው።»

ሳቋን ገታ አደረገች።

«እንዲሁ ነው እታ» አለችኝ። «ልጆቹ ሲያደክሙኝ ማታ እከፍተውና ቁልፎቹን አስጠራቸዋለሁ። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት... አጠራራቸው ደስ ይለኛል። ግን ምን እንደሆኑ አላውቅማ! ማን ነግሮኝ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ትልቅ ሰው፣ መምህርት ሆና፣ እንዳፈረች ልጅ። «እታ፣ ሳይን ምንድን ነው?»

እኔ ተነሥቼ ስሄድ ሰብለ እዚያው ግድግዳ ጋ እንደቀረች ያኔ ገና ገባኝ። ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

«ግድግዳ ላይ መሰላል አስደግፊ እንበል» አልኳት። «መሰላሉ መሬቱ ላይ...»

«ቆይ ቆይ! በቃል አይሆንም፣ ልጽፈው። የብሬል መጻፊያዬን ላምጣ፤ እንዳትዘጊው!»

ስልኩን አንድ ነገር ላይ አስቀምጣ ሄደች። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ከውጭ አንዷ ልጇን «ልብሱን አስገባ!» እያለች ትጮኻለች፤ ራቅ ብሎ ወያላው «ኮልፌ! ኮልፌ! አንድ ሰው!» ይላል። ሰብለ ጓዳ ውስጥ ዕቃ እያገላበጠች «መጣሁ እታ፣ መጣሁ!» ትለኛለች።

በልቤ፣ አትቸኩይ፣ ቀስ ብለሽ ፈልጊው አልኳት።